የሰባ ስምንት ዓመቷ ሙሽራ

ሳን-ቮብል፣ ኖቬምበር 28 ቀን 1813

ባሌ ሆይ፣

ይህችን ቃል ጽፌ ስቄ እስክጨርስ ቀለሙ ደረቀ። አንተም ሳቅ፣ አይዞህ፤ አገሩ በሙሉ እየሳቀ ነው። ሰው ምን አለ ብለህ ጠይቀሃል፤ ምን የማይል አለ? ጎረቤቴ ኦኖሪን፣ ቅቤ ሻጯ፣ ገበያ መሐል "እማማ ፔርፔቱ፣ ሙሽራው ደህና አደረ?" አለችኝ። "ደህና አድሯል፤ ያንቺው ደግሞ ከመጠጥ ቤት መቼ ይሆን የሚመለሰው?" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ቅቤዬን ዝም ብላ ትመዝናለች።

ከንቲባው እንኳ መዝገቡን ሲሞሉ ቀና አላሉም። ሙሽራው ፕሮስፔር ኦሻር፣ ዕድሜው ሃያ፣ እናትም አባትም የሌለው። ሙሽሪት ፔርፔቱ ቫሰር፣ ዕድሜዋ ሰባ ስምንት፣ ባሏ የሞተባት። በዚህ ወር በዚያች ጠረጴዛ ፊት የቆምን አራተኛዎቹ ነን። ያገባ አይዘምትም ከተባለ አሮጊት ተፈላጊ ትሆናለች። ቄሱ ግን አሻፈረኝ አሉ፤ "ይሄ በእግዚአብሔር ፊት ጋብቻ አይደለም፣ መደበቂያ ነው" አሉኝ። "ይሁን አባቴ፣ እግዚአብሔርን ማን ደበቀው? ከንጉሠ ነገሥቱ ነው እንጂ" ብያቸው ወጣሁ።

ለምን እሺ አልሽ ትለኛለህ። አንዱን ልጄን በሳን-ዶሚንግ ደሴት ወባ ገደለው፤ ሌላው ስፔን ገብቶ ቀረ። የልጅ ልጄ ኦበን፣ ጓደኛህ፣ አምና ሩሲያ ሄዶ ወሬው ጠፋ። ይበቃኛል። አንተን ለመውሰድ መጀመሪያ እኔን መቅበር አለባቸው።

ስለዚህ ሥራችንን እንወቅ። እኔ እስከተነፈስኩ ድረስ አንተ ባለትዳር ነህ። የሞትኩ ዕለት ግን ልጅ የሌለው ብቸኛ ወንድ ትሆናለህ፤ የጥሪው ወረቀት ሳምንት ሳይሞላ ይደርስሃል። አንተ ኤልበፍ ፋብሪካህ ሆነህ ሽመናህን ሸምን፤ እኔ እዚህ እተነፍሳለሁ። ምስጋናውን ደግሞ ተው፤ በአንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አመሰገንከኝ፣ አሰለቸኝ።

ሚስትህ ፔርፔቱ

*

ኤልበፍ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1814

እማማ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሳልዎ ለቀቀዎት? በረዶው እዚያም ወርዷል ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። እባክዎ ጉድጓዱ ዘንድ አይሂዱ፤ ውኃውን ኦኖሪን ትቅዳልዎ። ፖም ከቆጥ ለማውረድም መሰላል ላይ እንዳይወጡ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በሬውን ሊሸጥ እንዳሰበ ገበሬ ነጋ ጠባ ስለ ጤናዎ ብቻ ነው የምጠይቀው፤ አፍራለሁ፤ ግን እጠይቃለሁ።

ፋብሪካውስ ላሉኝ፣ ሌት ተቀን ነው። ጠላት ራይን ወንዝን ከተሻገረ ወዲህ የወታደር ካፖርት የሚሆነው ሰማያዊ ጨርቅ ሳይደርቅ እየተጫነ ይወጣል። መፍተያ ማሽኑን የሚያዞረው ወንዝ እንኳ ሰማያዊ ሆኗል። ጨርቁን ስጠቀልል አንዳንዴ ማን ይለብሰው ይሆን እላለሁ፤ ከዚያ እኔ እንዳልሆንኩ አስባለሁ፤ ከዚያ ደግሞ እንዲህ በማሰቤ ፊቴ ይቀላል።

ከጎኔ የሚሠራው ልጅ እንደ እኔው ያገባ ነበር፤ ሚስቱ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነበር። በገና ማግስት አረፉ። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሲወሰድ ስቅስቅ ብሎ ያለቅስ ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ "እንዴት ቢወዳት ነው!" ይል ነበር። ይህን የነገርኩዎ እንዲጠነቀቁ ነው እንጂ ላስፈራራዎ አይደለም።

ታዛዥዎ ፕሮስፔር

*

ሳን-ቮብል፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1814

ባሌ ሆይ፣

ደብዳቤዬ ስለዘገየ ተቆጣህ አሉ። ምንም አልሆንኩም። ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ አራት ቀን ተኛሁ፤ አለቀ።

ደስ የሚል ወሬ ልንገርህ። ሁለት ዘበኞች በፈረስ መጡ። "ባለትዳር ነን የሚሉትን ሁሉ መርምሩ" ተብለው ነው፤ አንዳንዱ የሞተች ሚስት እንዳለች አድርጎ ያስመዘግባል አሉ። ኦኖሪን አይታቸው በጓሮ ሮጣ ነገረችኝ። ጉንጬን በቀይ ሥር አሽቼ፣ የሠርጌን ሻሽ ጭንቅላቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ጎመን እየከተፍኩ ጠበቅኳቸው።

"ፔርፔቱ ቫሰር የሚባሉት አሉ?" አለ ትልቁ።

"አለሁ። አንተስ አለህ?"

"ባልዎ የት ነው?"

"ሥራ ላይ ነዋ! ደህና ባል በዚህ ሰዓት ቤት ይውላል?"

"ይወድዎታል?" አለኝ ያ ትንሹ፣ ሳቁን እያፈነ።

"ልጄ፣ በየሳምንቱ ጤናሽ እንዴት ነው እያለ ይጽፍልኛል። ያንተ ሚስት ስንቴ ትጠየቃለች?" አልኩት። ትልቁ ሳቀ፤ ትንሹ ጆሮው ድረስ ቀላ። የፖም ጠጅ ጠጥተው ሄዱ።

ፔርፔቱ

*

ኤልበፍ፣ ሜይ 3 ቀን 1814

እማማ፣

ጦርነቱ አለቀ! ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ደሴት ተጋዙ፤ ንጉሡ ከስደት ተመለሱ። ሃያ ዓመት ሙሉ በምድርም በባሕርም የተዋጋ ዓለም ድንገት ዝም ሲል ጆሮ ይደነቁራል። እኔ ስወለድ ነበር የጀመረው፤ ሰላም ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር።

አሁን ግን ልቆጣዎ ነው። ጋሪ ነጂው ኤሎይ ሁሉን ነግሮኛል። "ትንሽ ጉንፋን" አሉኝ አይደል? ቄሱ ተጠርተው የመጨረሻውን ቅባት ቀብተውዎት ነበር! ዘበኞቹ የመጡት በማግስቱ ነው! ከአልጋ ወርደው ጎመን የከተፉት ትኩሳትዎ ሳይበርድ ነው! እንዴት ይህን ያደርጋሉ? ኤሎይ ሲነግረኝ ፋብሪካው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እስካሁን ሳልመጣ ስለቀረሁ ይቅር ይበሉኝ። ሥራው በዛብኝ ብል ውሸት ነው፤ የእንግሊዝ ጨርቅ በርካሽ መግባት ስለጀመረ ግማሹ ማሽን ቆሟል። ልነግርዎ የምፈልገው ሌላም ነገር ነበረኝ፤ ይቆይ።

ፕሮስፔር

*

ሳን-ቮብል፣ ጁን 12 ቀን 1814

ልጄ፣

ይቆይ ያልከው ነገር ስሟ ዜሊ ነው፤ አባቷ ጨርቅ አቅላሚ ነው፤ እሷ ከጨርቅ ላይ ቋጠሮ ለቃሚ ናት፤ እጇ ፈጣን ነው፣ ምላሷም እንዲሁ። ኤሎይ ላንተ ብቻ ነው እንዴ የሚያወራው?

ለምን ደበቅከኝ? አዝኛለሁ፣ እውነቱን ልንገርህ። አሮጊቷ እንዳትቀየም ብለህ ይሆናል። ባል አይደለህ መቼም! ያገባሁህ እንድትኖር ነው፤ መኖር ደግሞ ይሄው ነው። አሁን ሰላም ነው፤ አታስፈልገኝም፣ አላስፈልግህም። ጣጣው እኔ አልሞት ማለቴ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሐሙስ ገበያ ወርጄ ጠበቃ ጠየቅኩ። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ሳቀ፣ ከዚያ መነጽሩን አድርጎ ሕጉን ነገረኝ። በስምምነት መፋታት አይቻልም፤ ሚስት አርባ አምስት ካለፋት ሕጉ አይፈቅድም። ባልየው ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ብከስህ ፍቺው ይገኛል፤ ግን ያችኑ ሴት እንዳታገባ ይከለክሉሃል። ስለዚህ የዜሊን ስም ዳኛ ፊት ማንም እንዳያነሳ! የቀረው አንድ ነው፦ ባል ሚስቱን ክፉኛ ከሰደባት ፍቺ ይገባታል። በጽሑፍ ከሆነማ ወርቅ ነው አለኝ።

እንግዲህ ስደበኝ። ጠንከር አድርገህ። ቶሎም በል፤ ከንጉሡ ጋር የተመለሱት ሰዎች ፍቺ የሚባለውን ነገር ጨርሰው ሊሽሩ ነው ይባላል። ይህን ደብዳቤ አቃጥለው።

ፔርፔቱ

*

ኤልበፍ፣ ጁላይ 20 ቀን 1814

ለወይዘሮ ፔርፔቱ ቫሰር፣

እርስዎ እጅግ መጥፎ ሴትዮ ነዎት። ሾርባዎ ጨው ይበዛበታል። ከእርስዎ ጋር መኖር ቢያጋጥመኝ ኖሮ በጣም ባልተደሰትኩ ነበር። ግትር ነዎት፤ የሰው ምክር አይሰሙም፤ ለምሳሌ በበረዶ ቀን ጉድጓድ ይሄዳሉ። በዚህ የተነሳ ንቄዎታለሁ።

ባልዎ ፕሮስፔር ኦሻር

(እማማ፣ ሾርባው እውነት አይደለም።)

*

ሳን-ቮብል፣ ኦገስት 2 ቀን 1814

አይ ልጄ! አይ አንተ!

ይህን ዳኛው ቢያነበው ሁለታችንን አቅፎ ይስመናል። ጠበቃው ራሱ "እመቤቴ፣ እኔ ለሚስቴ በልደቷ ቀን የምጽፍላት ከዚህ የባሰ ነው" አለኝ። በ"እርስዎ" ማን ተሰድቦ ያውቃል? ደግሞ ከታች "እውነት አይደለም" ብለህ የምትጨምረው ምን ነክቶህ ነው? የሞተው ባለቤቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ መረቡ ሲቀደድ የሚያወርደውን ስድብ ብትሰማው ኖሮ ጥሩ ባለሙያ ትሆን ነበር።

አሮጊት በለኝ። ጥርሴን አንሳ፤ ሁለት ናቸው የቀሩኝ። አላስኖር አለችኝ በል። እኔ አልቀየምም አልኩህ፤ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሴት ምን ስድብ አልሰማች! ጥቂት ጠጥተህ ጻፈው።

*

ኤልበፍ፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1815

እማማ፣

ስድስት ወር ሙሉ ስላስጠበቅኩዎ ይቅርታ። ሰባት ጊዜ ጀመርኩ፤ ሰባት ጊዜ ቀደድኩ። ጠጥቼም ሞከርኩ፤ ጭራሽ እንባዬ መጣ። የዜሊ አባት እስከ ሴፕቴምበር ካላገባሃት ለሌላ እድራታለሁ ብለዋል። ከዚህ ጋር ያለውን ወረቀት እባክዎ አያንብቡት። እንደታሸገ ለጠበቃው ይስጡት። እለምንዎታለሁ።

ፕሮስፔር

*

ሳን-ቮብል፣ ማርች 16 ቀን 1815

ልጄ፣

አነበብኩት። አታንብቢ የተባለ ደብዳቤ የማታነብ ሴት የታለች?

"አንቺ አሮጊት፣ መቃብር የጠላሽ! የሁለት ወጣቶች ዕድሜ ላይ ተጋድመሽ ትተነፍሻለሽ። አልጋሽን እንደ ሬሳ ሣጥን ሞልተሽው ሽታሽ እዚህ ድረስ ይመጣል። በየማለዳው ስነሳ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬስ ሞተች?"

ጽሕፈቱ የአንተ ነው። ቃሉ ግን የአንተ አይደለም። የማን እንደሆነ አትንገረኝ።

ሐሙስ ዕለት ይዤው በኤሎይ ጋሪ ወደ ጠበቃው ተነሳሁ። መንገድ አጋማሽ ላይ አንድ ፈረሰኛ "ንጉሠ ነገሥቱ ከደሴቱ አምልጠው ገቡ! ወደ ፓሪስ እየገሰገሱ ነው!" እያለ አለፈን። ኤሎይ ቆቡን ወደ ሰማይ ወረወረ፣ ያ ቂል። እኔ ግን "ጋሪውን መልስ" አልኩት። "ምነው እማማ?" "መልስ አልኩህ!"

አሁን ብንፋታ ነገ ወታደር ነህ። ወረቀቱን ዱቄት ሣጥን ውስጥ ቀብሬዋለሁ። ለሚመጣ ዘበኛ ሁሉ ባለትዳር ነህ፤ ሚስትህም በሕይወት አለች። ያቺን ልጅ ታገሺ በላት። ላልሞት አንድ ጊዜ ቃል ገብቻለሁ፤ እሷን ብዬ አላፈርሰውም።

ፔርፔቱ

*

ኤልበፍ፣ ጁላይ 14 ቀን 1815

እማማ፣

በሕይወት አለሁ። ቤልጅየም ላይ ያለቁት ሲቆጠሩ ከፋብሪካችን ብቻ አሥራ አንድ ናቸው። ሁለቴ ሊወስዱኝ መጥተው ሁለቴ መዝገቡን አይተው ተመለሱ። ሁለቴ አዳኑኝ። አሁን በእርግጥ አለቀ ይላሉ፤ ያሸነፉን ፕሩሲያውያን ፋብሪካው ውስጥ ሰፍረዋል፣ ፈረሶቻቸውን ማድረቂያው አዳራሽ ውስጥ አስረዋል።

አትንገረኝ ያሉኝን ልነግርዎ ነው፤ ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ አለ። ቃሉ የዜሊ ነው። እኔ መጻፍ ሲያቅተኝ "ወረቀቱን አምጣ፣ እኔ ልንገርህ" አለችኝ። እየነገረችኝ ጻፍኩ። አንድም ጊዜ አላቆመችም። የመጨረሻው መስመር ላይ ስንደርስ ለዳኛ ብላ እንዳልሆነ ገባኝ። እሷም ገባት መሰለኝ፤ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእርስዎ ስም ሲነሳ ከክፍሉ ትወጣለች። እርስዎ ጋሪውን ባይመልሱ ኖሮ እኔ ከአሥራ አንዱ ጋር እቆጠር እንደነበር ታውቃለች።

እማማ፣ ወረቀቱን ይቅደዱት። ሌላ እንጽፋለን። አባቷም እንደ ምንም ቀነ ገደቡን ወደ ገና ገፍተውልናል።

ፕሮስፔር

*

ሳን-ቮብል፣ ኖቬምበር 5 ቀን 1815

ልጄ፣

አልቀደድኩትም። ሌላ የሚጻፍበት ጊዜ የለም፤ ፍቺ ሊሻር ነው የሚባለው ወሬ አሁን ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ደግሞ ከዚህ የተሻለ ስድብ ከየት ይመጣል?

እንዴት ሆነ ላልከኝ፣ እንዲህ ሆነ። ዳኞቹ ሦስት ነበሩ፤ መሐለኛው ደንቆሮ ስለሆነ ጸሐፊው ጮክ ብሎ አነበበው። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ ሰው ሊስቅ መጥቷል። እኔም ሳቄ እንዳያመልጠኝ መሐረቤን ነክሼ ነበር። ጸሐፊው "ዛሬስ ሞተች?" ሲል ግን የሚስቅ ጠፋ። እኔም አለቀስኩ። ለዳኛው ብዬ አይደለም። ጠበቃው ጥሩ ነው ብሎ ጎኔን ጎሰም አደረገኝ፤ በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝም።

አቃጠለኝ፣ ልጄ። እቤቴ ብቻዬን ሳነብበው እንዲያ አላመመኝም። ከዚያ ደግሞ ያቺን ልጅ አሰብኳት። ሁለት ዓመት ሙሉ የምትወደው ሰው በየሳምንቱ ለሌላ ሴት "እንዴት ሰነበቱ" እያለ ይጽፋል፤ እሷ ቁጭ ብላ የእኔን ትንፋሽ ትቆጥራለች። እኔ ሃያ ዓመቴ ላይ ብሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር፤ መጥቼ በትራስ አፍኛት እሄድ ነበር። ይህን ለዜሊ ንገራት። ቃል በቃል ንገራት።

"ከዚህ ሰው ጋር ለመታረቅ ፈቃደኛ ነሽ?" ብለው ጠየቁኝ። "አይደለሁም" አልኩ። ፈረዱልኝ። የቀረው ከንቲባው ፊት ማስመዝገብ ነው፤ ኖቬምበር 20 ሰኞ ጠዋት ና። ስትመጣ ፊትህን አጥቁር፤ እኔን አይተህ እንዳትስቅ።

ሁለት ዓመት ለመሞት ፈቃድ አልነበረኝም። አሁን ተሰጠኝ፤ የሚገርመው ግን ፍላጎቱ ጠፋ። ዛሬ ጠዋት ተነስቼ የጓሮውን መሬት ለቀጣይ ዓመት ጎመን ገለበጥኩት።

ፔርፔቱ ቫሰር

*

ኤልበፍ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1815

እማማ፣

ሰኞ ዕለት ከንቲባው ፊት ቀና ብዬ አላየሁዎትም፤ ይቅር ይበሉኝ። ስማችንን ሲሰርዙት ብዕሩን ብቻ ነበር የማየው።

ሠርጋችን ዲሴምበር 19 ነው። ቄሱ ፈቅደዋል፤ በእሳቸው መዝገብ እኔ ሚስት አግብቼ አላውቅም። አንድ ነገር ጎድሎኛል። እዚህ አገር ሙሽራ ቤተ ክርስቲያን የሚገባው የእናቱን ክንድ ይዞ ነው። እናት የሌለው አክስቱን ይይዛል፤ እኔ አክስትም የለኝ። ለማን ልበል ብዬ ስቆዝም ዜሊ ናት የነገረችኝ። "ማን አለህ ታዲያ? እሳቸውን ጥራቸው እንጂ" አለችኝ፤ እያለቀሰች ነው ያለችኝ። ዲሴምበር 18 ኤሎይ ጋሪ ይዞ ይመጣል። እሷም ጋሪው ላይ ትኖራለች፤ ራሷ ልታመጣዎ ነው። እባክዎ እሺ ይበሉን።

ፕሮስፔር

*

ሳን-ቮብል፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1815

ልጄ፣

ከንቲባው ደብዳቤህን አነበቡልኝ፤ መነጽሬን ኦኖሪን ተቀምጣበት ሰብራዋለች፤ ይህንንም በዳበሳ ነው የምጽፈው። አንብበው ሲጨርሱ "ፔርፔቱ፣ እኔ ሃያ ዓመት መዝገብ ስሞላ የዚህ ዓይነት ጉድ አላየሁም" አሉ። "ምኑ ነው ጉዱ?" አልኳቸው። "ባሏን በእጇ ይዛ ወስዳ የምትድር!" አሉ። እኔም "ባሌ አይደለም፤ ልጄ ነው። ሁለቱን ወስደውብኛል፤ ይሄኛውን አልሰጠሁም" ብላቸው፣ እሳቸው ናቸው ፊታቸውን ወደ መስኮት ያዞሩት።

እመጣለሁ። ለዜሊ፣ ከፊት ከኤሎይ ጎን ሳይሆን ከኋላ ከእኔ ጎን እንድትቀመጥ ንገራት፤ መንገዱ ስድስት ሰዓት ነው፤ ብዙ የምንነጋገረው አለን። ከእንጨት ጫማዬ ሌላ ጫማ የለኝም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ኳኳታ ከሰማህ እኔ ነኝ።

ፔርፔቱ